ዝቃጭ ጠባቂ ይሻል፦ የማጣሪያ እንክብሎችና የካፋ ወንዞች

ጥቅምት ገብቶ ቡናው ሲቀላ የካፋ ዞን የእሸት ቡና መፈልፈያዎች እንቅልፍ የላቸውም። ቀን የተለቀመው እሸት አመሻሹ ላይ ይደርሳል፤ ካደረ ጥራቱ ስለሚወርድ በዚያው ሌሊት መፈልፈል አለበት። ማሽኑ ቀዩን ገለፈት ይገፋል፤ ፍሬው ከነልጋጉ ወደ ማብላያ ገንዳ ይገባል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ከተብላላ በኋላ በብዙ ውሃ ታጥቦ ወደ ማስጫ አልጋ ይወጣል። ቡናው ከዚህ ተነስቶ ዓለምን ያዳርሳል። የታጠበበት ውሃ ግን ስኳሩን፣ ፔክቲኑንና አሲዱን ተሸክሞ ቁልቁል ይወርዳል። ከዞኑ የሚነሱት ጅረቶች ከፊሎቹ በጎጀብ በኩል ኦሞን ይቀላቀላሉ፤ የምዕራቡ ወገን ወደ ባሮና አኮቦ ተፋሰስ ያዘነብላል። በእነዚህ ጅረቶች ዳር ሰው ውሃ ይቀዳል፣ ከብት ያጠጣል፣ ልብስ ያጥባል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከመፈልፈያ በላይና በታች ያለውን የወንዝ ውሃ አነጻጽረው ጉዳዩን በግልጽ አሳይተዋል። በፈልፈላው ወቅት ከመፈልፈያ በታች ያለው የወንዝ ክፍል ኦክስጅኑ ተሟጥጦ ዜሮ አጠገብ ይደርሳል፤ ንጹሕ ውሃ የሚወዱት ጥቃቅን የወንዝ ነፍሳት ጠፍተው ብክለት የሚችሉት ይቀራሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍ ወንዙ ቀስ በቀስ ያገግማል። ካፋ ደግሞ ተራ ቦታ አይደለም። የአረቢካ ቡና መገኛ ነው፤ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍነው አካባቢም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል።

ይህ ዳሰሳ አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሳል፦ ፍሳሽን በሕያዋን ተሕዋስያን ስለማጣራት ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ያከማቸው እውቀት፣ በተለይም ዝቃጭን ወደ እንክብልነት የመለወጡ ጥበብ፣ ለካፋ ምን ይጠቅማል? መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ይጠቅማል፤ ሆኖም ጥቅሙ የሚገኘው በቅደም ተከተል ሲሠራ ነው። መጀመሪያ ውሃውን መቀነስ፣ ቀጥሎ አየር የማይፈልገውን የማጣሪያ ዓይነት መምረጥ፣ ከሁሉም በላይ ዝቃጩን እንደ ንብረት ቆጥሮ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቅ ባለቤት ማበጀት ያስፈልጋል።

ከማንችስተር እስከ ኤፔ

የዘመናዊው ማጣሪያ ታሪክ የሚጀምረው ዝቃጭን መጣል ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የተባሉ እንግሊዛውያን በማንችስተር፣ በዴቪሁልም ማጣሪያ፣ የከተማውን ፍሳሽ በዕቃ ውስጥ አድርገው አየር ይነፉበት ነበር። የመጀመሪያው ፍሳሽ በሚገባ እስኪጣራ አምስት ሳምንት ገደማ ወሰደ። ከዚያ የጠራውን ውሃ ብቻ ቀድተው የዘቀጠውን አስቀሩና አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይህን ደጋግመው ሲያደርጉ ዝቃጩ እየበዛ፣ የሚወስደውም ጊዜ እያጠረ ሄዶ ወደ አንድ ቀን ወረደ። ሥራው የሚሠራው በዝቃጩ ውስጥ በተከማቹት ተሕዋስያን መሆኑ ታወቀ። ባለሙያዎቻችን አክቲቬትድ ስላጅ የሚሉት ንቁ ዝቃጭ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ዛሬም የዓለም ትልልቅ ከተሞች ፍሳሽ በአብዛኛው የሚጣራው በዚህ መንገድ ነው።

ንቁ ዝቃጭ ሁለት ሸክም አለበት። አንደኛው የመብራት ወጪ ነው፤ ተሕዋስያኑ እንዲተነፍሱ ሌት ተቀን አየር መንፋት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የዝቃጩ ልልነት ነው። የተሕዋስያኑ ስብስብ ላላ ያለና ውሃ የሞላው ስለሆነ የሚዘቅጠው በዝግታ ነው፤ በሰዓት ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሰፊ የማዝቀጫ ገንዳ ይፈልጋል። ክር መሰል ባክቴሪያዎች ሲበዙበት ደግሞ ጭራሽ አልዘቅጥ ብሎ ከጠራው ውሃ ጋር አብሮ ይወጣል። የማጣሪያ ሠራተኛ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ይህን ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ መፍትሔ የመጣው አየር ከሌለበት ወገን ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የዋኸኒንገኑ ተመራማሪ ጋትሰ ሌቲንጋና ባልደረቦቹ በኔዘርላንድስ የስኳር ፋብሪካ ፍሳሽን ከታች ወደ ላይ በሚፈስ ገንዳ ውስጥ ሲያጣሩ ዝቃጩ በራሱ ጊዜ ጠንካራ እንክብል ሆኖ አገኙት። ዩኤኤስቢ የሚባለው ገንዳ መሠረቱ ይህ ነው። ፍሳሹ ከሥር ይገባል፤ በእንክብሎቹ አልጋ ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ የተደፋው መለያ ክዳን ጋዙን፣ ውሃውንና ዝቃጩን ይለያያል። ጋዙ በቱቦ ይወጣል፣ ውሃው በጠርዙ ይፈስሳል፣ እንክብሉ ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። አየር የሚነፋ ማሽን የለም፤ እንዲያውም ሚቴን ይገኝበታል። የቢራ፣ የስኳር፣ የድንችና የወረቀት ፋብሪካዎች ፈጥነው ተቀበሉት። በኮሎምቢያ፣ በብራዚልና በሕንድ ደግሞ ለከተማ ፍሳሽ ዋለ።

አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥም እንክብል ማሳደግ እንደሚቻል የታወቀው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የዴልፍት ዩኒቨርሲቲው ማርክ ፋን ሎስድረኽትና ባልደረቦቹ የተጠቀሙበት ዘዴ ዝቃጩን መምረጥ ነበር። ፍሳሹን አየር ሳይነፋ ከሥር ያስገባሉ፤ ተሕዋስያኑ ምግቡን ያከማቻሉ፤ ከዚያ አየር ይነፋል፤ መጨረሻ ላይ ለመዝቀጫ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ቶሎ የማይዘቅጠው ይታጠባል፤ የሚዘቅጠው ይቀራል። ዑደቱ ሲደጋገም ገንዳው እንክብል ብቻ ይይዛል። ኔረዳ በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ይህ ዘዴ ለከተማ ፍሳሽ በሙሉ መጠን መጀመሪያ የተሞከረው በአህጉራችን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በደቡብ አፍሪካ፣ በጋንስባይ። ከዚያም በ2012 በኔዘርላንድስ ኤፔ ከተማ ትልቅ ማጣሪያ ተሠራለት። ፋን ሎስድረኽት ከአሜሪካዊው ብሩስ ሪትማን ጋር የ2018ን የስቶክሆልም የውሃ ሽልማት ተቀብሏል።

እንክብሉ በቅርብ ሲታይ

በደንብ ከሚሠራ የቢራ ፋብሪካ ዩኤኤስቢ የተቀዳ እንክብል መዳፍ ላይ ሲያርፍ ጥቁር፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። በጣት ሲነካ ይንከባለላል እንጂ አይጨማለቅም። በውስጡ ተራ በተራ የተደረደሩ ማኅበረሰቦች ይኖራሉ። ከውጭ ስኳርን ወደ አሲድ የሚለውጡት ይሰፍራሉ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ አሲዱን ወደ አሴቴትና ሃይድሮጅን የሚያወርዱት ይገኛሉ፤ መሐሉን የያዙት ሚቴን አምራቾቹ ናቸው። ከእነዚህም ሜታኖሳኤታ የተባለው ክር መሰል ተሕዋስ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የእንክብሉ አጽም ይሆናል። የአንዱ ተረፍ የሌላው ቀለብ ስለሆነ መቀራረባቸው ራሱ ኃይል ነው። ተሕዋስያኑ የሚያመነጩት ሙጫ ደግሞ ሁሉንም ያያይዛል።

በአየር የሚያድገው እንክብል ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው። ውጫዊው ክፍል ኦክስጅን ያገኛል፤ ውስጡ አያገኝም። ስለዚህ አሞኒያን ወደ ናይትሬት መለወጥ፣ ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ መመለስና ፎስፈረስን ማከማቸት በአንድ ቅንጣት ውስጥ ይካሄዳሉ። በተራው ንቁ ዝቃጭ ዘዴ ለእነዚህ ሥራዎች የተለያዩ ክፍሎች ማዘጋጀት ግድ ነበር።

ልልን ከእንክብል የሚለየው ፈተና ቀላል ነው፤ አንድ ሊትር የሚይዝ ምልክት ያለው ብርጭቆ ብቻ ይፈልጋል። ከገንዳው የተቀዳው ይገለበጥና ሰዓት ይያዛል። ልሉ ዝቃጭ እየተንሳፈፈ፣ እየተንከረፈፈ ይወርዳል፤ በ5ኛው ደቂቃ ገና ከላይ ነው፤ በ30ኛውም ደቂቃ የብርጭቆውን ሲሶ ወይም ግማሽ ይዞ ሊቀር ይችላል። እንክብሉ ሲወርድ በዓይን ይታያል፤ በ5ኛው ደቂቃ ሥራው አልቋል፤ በ30ኛው ደቂቃ ሲታይም ከፍታው እምብዛም አልተለወጠም። በሰዓት ከ10 ሜትር በላይ ይወርዳልና ሰፊ ማዝቀጫ አያስፈልገውም። ይህን ፈተና በየቀኑ ሠርቶ በመዝገብ የሚጽፍ ሠራተኛ ገንዳው ከመታመሙ በፊት ያውቃል።

ሀገራችን የት ደርሳለች?

የኢትዮጵያ ትልቁ ምሳሌ ቃሊቲ ነው። የቀድሞው የአዲስ አበባ ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያስተናግዱ የተሠሩ ኩሬዎች ነበሩት። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው አዲሱ ማጣሪያ አቅሙ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ሲሆን፣ የተመረጠለት ዘዴ ዩኤኤስቢ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ውሃው ከላይ በሚንጠባጠብበት ማጣሪያ አልፎ ይዘቅጣል። ምርጫው አስተዋይነት አለው፤ አብዛኛውን ብክለት አየር ሳይነፉ አስወግዶ የቀረውን በትንሽ ኃይል መጨረስ ነው። እንደ ከተማ ፍሳሽ በቀጠነ ውሃ ግን የዩኤኤስቢ ዝቃጭ በአብዛኛው ልል ሆኖ ይቀራል፤ ጥሩ እንክብል የሚያድገው ስኳርና አሲድ በበዛበት ወፈር ያለ ፍሳሽ ላይ ነው። ይህን ማወቅ ለካፋ ጠቃሚ ነው፤ የቡና ፍሳሽ ወፍራም ነውና።

ሌሎች መንገዶችም ተሞክረዋል። በአዲስ አበባ ጨፌ የተሠራው ማጣሪያ በዝቃጩና በጠራው ውሃ መካከል ሜምብሬን የሚባል ስስ ማጣሪያ አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለመጠቀም፣ ወደ ሐይቁ ምንም ላለመልቀቅ ታስቦ ተሠርቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ አየር አልባውን፣ ባለአየሩንና ሰው ሠራሽ ረግረጉን አያይዘው ፈትነዋል። በየገጠሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አየር አልባ ማብላያን በየጓሮው አስተዋውቋል። እውቀቱ አለን፤ ወደ መፈልፈያው ገና አልወረደም።

የቡና ፍሳሽ ጠባይ

አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ይፈለፈላል። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ገደማ ገለፈት ነው። በአሮጌው አሠራር አንድ ቶን እሸት ለመፈልፈልና ለማጠብ ከ10 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይጠፋል፤ ልጋጉን በማሽን የሚያስለቅቁት ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያዎች ግን ወደ 1 ሜትር ኩብ ሊያወርዱት ይችላሉ። ውሃው ሲቀንስ ፍሳሹ ይወፍራል። የብክለት መለኪያው ሲኦዲ፣ ማለትም በውሃው ያለውን ቆሻሻ ለማቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን፣ በሊትር ከጥቂት ሺህ ሚሊ ግራም ተነስቶ አሥር ሺዎችን ይዘልቃል። በአንጻሩ የከተማ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ ከ1,000 አይበልጥም።

የቡና ፍሳሽ አራት አስቸጋሪ ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 4 ይወርዳል፤ ሚቴን አምራቾቹ ደግሞ የሚስማማቸው ከ6.5 በላይ ነው። ሁለተኛ፣ ፔክቲኑ በአሲድ ውስጥ ረግቶ ከላይ ወፍራም ቅርፊት ይሠራል፤ ቱቦም ይዘጋል። ሦስተኛ፣ ስኳሩ ብዙ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ ጥቂት ነው፤ አየር በሚነፋበት ገንዳ ይህ ሚዛን ክር መሰሎቹን ባክቴሪያዎች ይጠራል፤ ዝቃጩም አይዘቅጥም። አራተኛውና ከባዱ ወቅታዊነቱ ነው፤ ሦስት ወር ገደማ እንደ ጎርፍ ይመጣል፣ ዘጠኙን ወር ምንም የለም።

ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ፖሊፌኖሎቹ በቀላሉ ስለማይበሰብሱ ከማጣሪያ የወጣው ውሃ ብክለቱ ቀንሶም ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል። ነዋሪው በዓይኑ አይቶ ይፈርዳልና ይህን አስቀድሞ ማስረዳት ተገቢ ነው።

አማራጮቹ ሲመዘኑ

በደቡብ ምዕራብ መፈልፈያዎች ዘንድ የተለመደው መፍትሔ ጉድጓድ ነው። ፍሳሹ ተከታታይ ጉድጓዶች ውስጥ ይገባል፣ ይሰርጋል፣ ይተናል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከጥቂት ወቅት በኋላ በዝቃጭ ይሞላል፣ ይሸታል፣ ዝናብ ሲበረታም ይገነፍላል። በካፋ ዝናቡ የዓመቱን አብላጫ ይዘልቃልና የመገንፈል አደጋው ከደረቅ አገር ይብሳል።

ሁለተኛው የቬቲቨር ሳር ነው። ሳሩ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በጅማ የእርሻ ምርምር ማዕከል በኩል ወደ ሀገራችን ገባ። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት በጅማ አካባቢ ከገበሬ ማኅበራት ጋር ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያዎችን ሲተክል ከሥራቸው ቬቲቨር የተተከለበት መሬት አዘጋጅቷል። አካሄዱ ትክክል ነበር፤ ውሃውን ቀንሶ የቀረውን ለተክል መስጠት። ቬቲቨር ብቻውን ግን ጥሬውን፣ ኮምጣጣውን ፍሳሽ እንዲችል መጠበቅ በዛበት። ቦታው ማጠናቀቂያ ላይ ነው።

ሦስተኛው የአየር አልባው ገንዳ ነው። ሂሳቡን እናስላው። አንድ መፈልፈያ በሌሊት 10 ቶን እሸት ቢፈለፍልና ለአንዱ ቶን 1 ሜትር ኩብ ውሃ ቢጠቀም 10 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያወጣል። በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ሲኦዲ ብንወስድ 200 ኪሎ ይሆናል። ዩኤኤስቢው 80 በመቶውን ቢያስወግድ 160 ኪሎ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.35 ሜትር ኩብ ሚቴን ስለሚወጣ በቀን 56 ሜትር ኩብ ይገኛል፤ ሙቀቱ 56 ሊትር ያህል ናፍጣ የሚሰጠው ነው። ይህን ጋዝ ለመፈልፈያው ሞተር ወይም ለሠራተኞች ማብሰያ ማዋል ይቻላል። በሜትር ኩብ 5 ኪሎ የሚሸከም ገንዳ ብንወስድ መጠኑ 40 ሜትር ኩብ ነው። ያንኑ ጭነት በተራ አየር አልባ ኩሬ እንሸከም ብንል በሜትር ኩብ ሩብ ኪሎ ገደማ ስለሚችል 800 ሜትር ኩብ መቆፈር አለብን። እንክብሉ መሬት የሚቆጥበው እንዲህ ነው።

ያንኑ 160 ኪሎ በአየር እናስወግድ ብንል ደግሞ ለአንዱ ኪሎ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ በየቀኑም 60 ኪሎ ገደማ ደረቅ ዝቃጭ ይተርፋል። አየር አልባው የሚያተርፈው ከ8 እስከ 16 ኪሎ ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ጄኔሬተር በሚነሳበት ወረዳ ምርጫው ግልጽ ነው። የኔረዳ ዓይነት እንክብል ድንቅ ሥራ ቢሆንም ቦታው መሬት ጠቦት፣ መብራት ሞልቶት፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ችግር የሆነበት ከተማ ነው። ለካፋ መፈልፈያ አይመከርም።

አየር አልባው ገንዳ እንዲሠራ ግን ፊቱ መዘጋጀት አለበት። ገለፈቱ ከውሃው ጋር ሳይነካካ መለየት፤ ስብርባሪው በወንፊት መያዝ፤ ፍሳሹ በማጠራቀሚያ ውስጥ ለአንድ ቀን ያህል ቆይቶ መኮምጠጡን መጨረስና ቅርፊቱን ከላይ መተው፤ ከዚያ በኖራ ፒኤቹ ወደ 6.5 መነሳት። ኖራውም በልክ ነው፤ ሲበዛ ካልሲየሙ በእንክብሉ ላይ እየረጋ ወደ ድንጋይነት ይለውጠዋል፤ እንክብሉም ከባድ ግን የሞተ ይሆናል። ከገንዳው የወጣው ውሃ የተወሰነው ተመልሶ ከአዲሱ ፍሳሽ ጋር ቢቀላቀል የኖራው ፍጆታ ይቀንሳል።

ዘጠኙን ወር ማን ይጠብቀው?

ወቅታዊነቱ ትልቁ መከራከሪያ ነው። ሕያዋን ዘጠኝ ወር ካልተመገቡ ምን ይቀራል? ልል የባለአየር ዝቃጭ በሳምንታት ይበሰብሳል። የአየር አልባው እንክብል ግን በዚህ ረገድ ከሁሉ ይሻላል፤ ሳይመገብ ለወራት፣ አልፎም ለዓመት ቆይቶ ሲመገብ ይነሳል። የሚፈልገው አየር እንዳይገባበት፣ እንዳይደርቅና በቀዝቃዛ ቦታ እንዲቆይ ብቻ ነው። ቦንጋ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ የአየር ጠባይዋ ለዘብ ያለ ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ይረዳል። ወቅቱ ሲከፈት ግን ሙሉ ጭነት በአንዴ መስጠት ገንዳውን ያኮመጥጠዋል። በሩብ ጭነት ተጀምሮ በሁለትና ሦስት ሳምንት መጨመር አለበት፤ ለዚህም የመጀመሪያው ጥቂት እሸት የሚመጣበት የወቅቱ መግቢያ ራሱ ተስማሚ ነው።

የመጀመሪያውን ዝቃጭ ከየት ማምጣት ይቻላል? ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይነሳ ሁሉ አዲስ ገንዳም ያለ ነባር ዝቃጭ ወራት ይፈጃል። ለ40 ሜትር ኩብ ገንዳ ከ10 እስከ 13 ሜትር ኩብ መነሻ ዝቃጭ ቢገባ መልካም ነው። የከብት እበትና የጨጓራ ፈርስ ያገለግላሉ፤ ነገር ግን እንክብል እስኪሆኑ ብዙ ይዘገያሉ። የቢራ ፋብሪካ እንክብል ከሁሉ ይመረጣል። የከተማ ማጣሪያ ዝቃጭ ቢመጣ የትላትል እንቁላል ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ መፈልፈያ ብቻውን እንዲጀምር መተው ስህተት ይመስለኛል። ዞኑ አንድ የጋራ የዝቃጭ ማቆያ ቢኖረው፣ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የምርመራውን ሥራ ቢይዝ፣ የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ደግሞ በአባል ማኅበራቱ በኩል ሠራተኛ ቢመድብ፣ አንዱ ገንዳ ሲታመም ከሌላው የሚታደል ዝቃጭ ይገኛል። ትርፍ እንክብልም ዋጋ ያለው ዕቃ ነው፤ በሌላው ዓለም ይሸጣል፣ ይገዛል።

ቦንጋና የከተማው ዝቃጭ

ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። ቢሮዎች ተከፈቱ፣ ሰው በዛ፣ ግንባታ ተፋጠነ። ከአዲስ አበባ ውጭ እንዳሉት አብዛኞቹ ከተሞቻችን እዚህም የመጸዳጃው ነገር በየግቢው ጉድጓድ የሚፈታ ነው። ከተማዋ ተዳፋት ላይ በመሆኗ ከሞላ ጉድጓድ የሚገነፍለው ወደ ታችኛው ሰፈርና ወደ ጅረት ይወርዳል።

ለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የፍሳሽ ቱቦ ዘርግቶ ትልቅ ማጣሪያ መሥራት አይደለም። በመኪና የሚመጠጠው ዝቃጭ የሚገለበጥበት በአግባቡ የተሠራ ቦታ ነው። ማድረቂያ አልጋ ይበቃል፤ በካፋ ዝናብ ግን አልጋው ጣሪያ ከሌለው አይደርቅም። የደረቀውም ቢሆን ወዲያው ለእርሻ አይሰጥም። የወስፋት እንቁላል ጠንካራ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ20 ዲግሪ በታች ባለ የአየር ጠባይ ለአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ማቆየትን ይመክራል። የመፈልፈያው ዝቃጭ ከሰው ዓይነ ምድር የራቀ እስከሆነ ድረስ ከገለፈት ጋር ተቀላቅሎ ኮምፖስት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ዝቃጮች ማቀላቀል ግን ንጹሑን ማበላሸት ነው።

አንድ ፈተና ደግሞ ከወዲሁ መከልከል አለበት፦ የተፈጥሮ ረግረጉን እንደ ማጣሪያ መጠቀም። ከጎጀብ ዳር የተንጣለሉት የካፋ ረግረጋማ ቦታዎች የወፍና የውሃ ሀብት ናቸው። ሰው ሠራሽ ረግረግ እንትከል ስንል ለፍሳሽ ብለን የቆፈርነውን ማለታችን ነው።

ፍርዱ

የሕግ መሠረቱ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መበከልን ይከለክላል፤ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001ም አለ። የጎደለው ለመፈልፈያው ባለቤት የሚቻለው መንገድ ተዘርግቶ መታየቱ ነው። ቅጣት ብቻውን ጉድጓዱን ያስጠልቃል፤ ወንዙን አያጸዳም።

ከዳሰሳው የሚወጣው ቅደም ተከተል እነሆ። የካፋ ጫካ ቡና ትልቁ ክፍል ደርቆ የሚዘጋጅ ጀንፈል ነው፤ በጥራት የተሠራ ጀንፈል ጥሩ ዋጋ በሚያገኝበት ቦታ ሁሉ ማጠብን እንደ እድገት መቁጠር ይቅር፤ ያልተበከለ ውሃ ማጣሪያ አይፈልግምና። ማጠብ በሚያስፈልግበት ቦታ ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያ ይቅደም። በትንንሾቹ መፈልፈያዎች ማዝቀጫ፣ ኖራ፣ የተሸፈነ አየር አልባ ኩሬና ቬቲቨር ይበቃሉ። በትልልቆቹና ተጠጋግተው ባሉት ላይ የእንክብል ገንዳ ከጋዝ መሰብሰቢያው ጋር ይሠራ። አንድ መፈልፈያ ላይ ሁለት ሙሉ ወቅት ተሞክሮ፣ ከመፈልፈያው በላይና በታች ያለው የወንዝ ኦክስጅን ተለክቶ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ከተነገረ በኋላ ወደሌሎቹ ይሸጋገር።

ከሁሉ በላይ ግን ለዝቃጩ ባለቤት ይሰየምለት። በሀገራችን ብዙ የማጣሪያ ገንዳ ተሠርቶ የተበላሸው ሲሚንቶው ስለተሰነጠቀ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ሕያው ነገር ጠባቂ ስላጣ ነው። በየመፈልፈያው አንድ ሰው፣ ብርጭቆውንና የፒኤች ወረቀቱን ይዞ፣ በክረምትም በበጋም ደመወዝ እየተከፈለው ይመደብ። ይህ ወጪ ከአንድ ወቅት የቡና ሽያጭ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የዩኒየኑ ሥራ አመራር፣ የዞኑ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችና የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከመጪው ጥቅምት በፊት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የመጀመሪያውን መፈልፈያ ቢመርጡ፣ ለቡና መገኛ ምድር የሚገባትን ንጹሕ ወንዝ መመለስ ይጀመራል።